ስኳር የሀብታም በሽታ ነው ያለው ማነው?

እዚህ ሜሪላንድ ለዓመታዊ ምርመራ የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ ስኳሩ ተለክቶ ነው የሚመለሰው። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠው የሚውሉ ብዙ ወገኖቻችን በሽታው እንዳለባቸው ያወቁት እንዲህ ነው። ስለዚህ ስኳር ሲባል የሚታየን ወፍራም ሰው፣ ለስላሳና መኪና ነው። ባህር ዳር ያሉ ዘመዶቼም «የሀብታም በሽታ» ይሉታል።

ይህ አባባል ሰው እየጎዳ ነው።

ዘጌ ያለው የአክስቴ ልጅ ገበሬ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ውሃ ይጠማዋል፣ ሌሊቱን ለሽንት ሲመላለስ ያድራል፣ እየበላ ይከሳል። መጀመሪያ ምች ነው ተባለ። ቀጥሎ ጠበል ወሰዱት። (ጠበሉን አልነቅፍም፤ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ይሄዳል።) ስኳር መሆኑ የታወቀው ራሱን ስቶ በጀልባ ባህር ዳር ከደረሰ በኋላ ነው። ያን ቀጭን ልጅ ስኳሩን እንለካው ያለ አልነበረም።

አሁን ኢንሱሊን ይወጋል። ቤታቸው ፍሪጅ የለም። አክስቴ ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልላ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ታስገባለች። ማሰሮውን ጥላ ቦታ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ትቀብረዋለች፤ አሸዋውንም ጠዋት ማታ ውሃ ታጠጣዋለች። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። የተከፈተው ግን ከ25 ዲግሪ ካላለፈ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። የአክስቴ ዘዴ ለተከፈተው በእጅጉ ይጠቅማል። እኔ ሜሪላንድ ሆኜ አላስበውም ነበር።

በቁጥር ከተማ ይበልጣል፣ እውነት ነው። በ2021 የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ግምት በዓለም ከከተማ አዋቂዎች 12.1፣ ከገጠሩ 8.3 በመቶው ስኳር አለባቸው። ግን ያው ግምት በአፍሪካ ስኳር ካለባቸው አዋቂዎች 54 በመቶው በሽታቸውን አያውቁም ይላል። የጎንደር ሐኪሞች ደግሞ ከገጠር የሚመጡ ብዙ ታማሚዎች ቀጫጭን፣ ድሃና ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው መሆናቸውን ካስተዋሉ ቆይተዋል። ነገሩ ከምግብ እጥረት ጋር ይያያዝ ይሆን ወይ ብለውም ጠይቀዋል። ፌዴሬሽኑ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ የተቀበለው ገና በ2025 ነው።

አገር ቤት ስንሄድ ስልክና ሽቶ እንሸከማለን። የስኳር መለኪያም እንያዝ። ግን መጀመሪያ ባህር ዳር ፋርማሲ የየትኛው መለኪያ ስትሪፕ (የደም ጠብታ የሚነካበት፣ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ቁራጭ) እንደሚገኝ በዘመድ አስጠይቁ። እዚያ የማይገኝ ስትሪፕ የሚፈልግ መለኪያ ከወሰዳችሁ፣ የያዛችሁት ስትሪፕ ያለቀ ዕለት ሥራው ያበቃል።