«ይቁም» የሚለውን ባለሥልጣን ማን ያባርረዋል?

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኢሪ ሐይቅ ዳር፣ ዴቪስ-ቤሲ የሚባል የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ አለ። በ2001 መጨረሻ ላይ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአገሪቱ የኒውክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን ባለሙያዎች በሪአክተሩ (የኒውክሌሩ ሙቀት በሚመነጭበት ዋና ክፍል) ክዳን ላይ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል ብለው ሠጉ። ማመንጫው በዓመቱ ማብቂያ ቆሞ እንዲፈተሽ የሚያስገድድ ትእዛዝም አረቀቁ። ኩባንያው ግን ነዳጅ ለመቀየር ማቆሜ ስለማይቀር እስከዚያ ታገሡኝ አለ። ኮሚሽኑ ረቂቁን ወደ ጎን ትቶ እስከ ፌብሩዋሪ 2002 አጋማሽ ጊዜ ሰጠው። በማርች ወር ክዳኑ ሲመረመር ከሪአክተሩ ውኃ ጋር ያፈተለከ ቦሪክ አሲድ የበላው ጉድጓድ ተገኘ። ከ15 ሴንቲሜትር በላይ ውፍረት የነበረው ብረት በዚያ ቦታ አልቆ፣ በከፍተኛ ግፊት የታመቀውን ውኃ ይዞ የቀረው አንድ ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ የማይዝግ ብረት ሽፋን ብቻ ነበር። የኮሚሽኑ የራሱ ዋና ኢንስፔክተር በኋላ መርምሮ እንዳረጋገጠው፣ ያ ጊዜ የተሰጠው በአብዛኛው ኩባንያው ላይ የሚደርሰውን የገንዘብ ጫና ለማቅለል ሲባል ነው።

እዚህ ውስጥ ኮሚሽኑን የማዘዝ ሥልጣን ያለው ሚኒስትር አልነበረም። በወረቀት ላይ በዓለም ከታወቁት ነጻ ተቆጣጣሪዎች አንዱ ነው፤ ያም ሆኖ ጉልበቱ ከዳው። ታዲያ የሕግ ከለላ ያለው ተቆጣጣሪ የኩባንያ ኪሳራ አሳዝኖት ይህን ካደረገ፣ ደመወዙም ሹመቱም በአንድ ሚኒስትር እጅ ያለው ምን ሊያደርግ ነው?

መልሱን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። በጃፓን የኒውክሌር ደኅንነት ተቆጣጣሪው ድርጅት ኒውክሌርን ለማስፋፋት በሚሠራው የኢኮኖሚ፣ የንግድና የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሥር ነበር። የፉኩሺማ ዳይኢቺ ባለቤት የሆነው ቴፕኮ በ2008 ባሠራው ስሌት ሱናሚ እስከ 15.7 ሜትር ሊደርስ እንደሚችል አይቷል። ማመንጫው ተዘጋጅቶ የነበረው ከ6 ሜትር ለማይበልጥ ማዕበል ነው። ይህ ስሌት ለተቆጣጣሪው የቀረበው ማርች 7 ቀን 2011፣ ከአደጋው አራት ቀን በፊት ነበር። የጃፓን ምክር ቤት ያቋቋመውና ኪዮሺ ኩሮካዋ የመሩት ነጻ አጣሪ ኮሚሽን በ2012 ባወጣው ሪፖርት፣ የደረሰው ሰው ሠራሽ አደጋ እንደሆነና ተቆጣጣሪው በሚቆጣጠረው ኢንዱስትሪ እጅ ወድቆ እንደነበር በግልጽ ጽፏል። ቴፕኮ ሦስት ዓመት ዝም ማለቱ በእርግጥ ያስወቅሰዋል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን በእነዚያ ሦስት ዓመታት ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱ ነው።

ሶቪየት ኅብረትም ከዚህ አልተሻለችም። ቼርኖቢልን በ1986 ያፈነዳው የመቆጣጠሪያ ዘንጎች (የሪአክተሩን ኃይል ለመቀነስ ወደ ውስጥ የሚገቡ ዘንጎች) ጉድለት በ1983 በሊትዌኒያው ኢግናሊና ማመንጫ ሲፈተሽ ታይቶ ነበር። ያየው ሰው ጻፈ፣ ደብዳቤው ተዘዋወረ፤ ሪአክተሮቹን ማስቆም የሚችል ግን አልተገኘም።

ከቼርኖቢል አደጋ በኋላ አገሮች በ1994 የኒውክሌር ደኅንነት ስምምነትን አጸደቁ። አንቀጽ 8 የተቆጣጣሪው ሥራ ኒውክሌርን ከሚያስፋፋው አካል ሥራ በተጨባጭ እንዲለይ ያዝዛል። ጥሩ አንቀጽ ነው፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪውን ማን እንደሚሾመው፣ ማን እንደሚሽረው አይናገርም። በእኔ እምነት ነጻነት የሚፈተነው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። የተለየ ሕንጻ፣ የተለየ ማኅተምና የተለየ ስም ያለው መሥሪያ ቤት በአንድ የስንብት ደብዳቤ የሚበረግግ ከሆነ፣ መለየቱ ለይስሙላ ነው።

ፈረንሳይ ይህን ነገር በ2006 ሕጓ በደንብ አስባበታለች። የተቆጣጣሪው ቦርድ አምስት አባላት ነበሩት፤ ሦስቱን የአገሪቱ ፕሬዚዳንት፣ አንድ አንዱን የሁለቱ ምክር ቤቶች አፈ ጉባኤዎች ይሾማሉ። ዘመናቸው ስድስት ዓመት ሲሆን አይታደስም። የማይታደስ መሆኑ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ድጋሚ ሹመት የማይጠብቅ ሰው ሿሚውን ደስ ለማሰኘት ምክንያት የለውም። በ2015 ይኸው ተቆጣጣሪ፣ መንግሥት አብዛኛውን ድርሻ የያዘው ኩባንያ በፍላማንቪል በሚያስገነባው ሪአክተር የግፊት ጋን ብረት ውስጥ ያልተገባ የካርቦን ክምችት መገኘቱን ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ጋኑ ከብዙ ምርመራ በኋላ ጥቅም ላይ እንዲውል ተፈቀደ፤ ክዳኑ ግን እንዲቀየር ተወሰነ። አገሪቱ በኒውክሌር የምትኮራ፣ ኩባንያው የመንግሥት፣ ፕሮጀክቱም አስቀድሞ በብዙ ዓመት የዘገየ፤ ተቆጣጣሪው ግን ዝም አላለም።

ጃፓንም ከውርደቷ ተምራለች። በሴፕቴምበር 2012 የተቋቋመው አዲሱ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ከኢኮኖሚ፣ የንግድና የኢንዱስትሪ ሚኒስቴሩ ወጥቶ የመጣ ሠራተኛ ወደዚያው እንዳይመለስ የሚከለክል ደንብ ወጣለት። ነገ የሚመለስበትን ቢሮ ዛሬ የሚያስቀይም ሰው ብርቅ ነውና፣ ይህ ደንብ ከብዙ ውብ መግለጫ ይበልጣል። ባለሥልጣኑ በኖቬምበር 2024 የጹሩጋ ማመንጫ ሁለተኛ ሪአክተር ዳግም ሥራ እንዳይጀምር በይፋ ከለከለ፤ ከሥሩ የመሬት መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ የሚችል ንቁ የመሬት ስንጥቅ ሊኖር ይችላል በሚል። በአዲሱ ሥርዓት እንዲህ ያለ ክልከላ የመጀመሪያው ነበር።

ወደ አሜሪካ ልመለስ፤ አሁን አሳሳቢው እዚያ ነውና። በ1954 የወጣው ሕግ ለአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን የሲቪል ኒውክሌርን ማስፋፋትንም መቆጣጠርንም በአንድ ላይ አሸክሞት ነበር። ባለጉዳዩ ዳኛም ሆነ ማለት ነው። ኮንግረስ በ1974 ተቋሙን ለሁለት ከፈለው፤ የቁጥጥር ኮሚሽኑም በጃንዋሪ 1975 ሥራ ጀመረ። አምስት ኮሚሽነሮች፣ የአምስት ዓመት ዘመን፣ ከአንድ ፓርቲ ከሦስት የማይበልጡ፦ ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ፕሬዚዳንቶችን ያውቋቸዋል።

በ2025 ግን ክሩ መፈታት ጀመረ። በፌብሩዋሪ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ነጻ የሚባሉ ተቆጣጣሪዎች የሚያወጧቸውን ደንቦች አስቀድመው ለዋይት ሐውስ ግምገማ እንዲያቀርቡ አዘዙ። ሜይ 23 ቀን ደግሞ ኮሚሽኑን ብቻ የሚመለከት ትእዛዝ ወጣ፤ ለአዲስ ሪአክተር ፈቃድ የሚሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ ከ18 ወር እንዳይበልጥ ይላል። በዚያው ሰነድ ላይ አገሪቱ 100 ጊጋዋት ገደማ የሆነውን የኒውክሌር አቅሟን በ2050 ወደ 400 ጊጋዋት እንድታሳድግ ግብ ተቀምጧል። ለተቆጣጣሪ በተጻፈ ትእዛዝ ውስጥ የምርት ኮታ! 1974 ላይ የተለያዩት ሁለት ሥራዎች በአንድ ገጽ ላይ ተመልሰው ተገናኙ። በጁን ወር ደግሞ ኮሚሽነር ክሪስቶፈር ሃንሰን ዘመናቸውን ሳይጨርሱ፣ ጥፋት ሳይቀርብባቸው ተሰናበቱ።

የትእዛዙ ደጋፊዎች ኮሚሽኑ ቀርፋፋ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው። የፈቃድ ሂደቱ ለዓመታት ሲጓተት በብድር የሚሠራ ፕሮጀክት ወለዱ ይበላዋል፤ የድንጋይ ከሰል ማመንጫውም ማጨሱን ይቀጥላል። ኮንግረስ በ2024 ይህንኑ አይቶ በሁለቱም ፓርቲዎች ድጋፍ ሕግ አውጥቷል፤ ለአዳዲስ ሪአክተሮች የሚከፈለው የምርመራ ክፍያ እንዲቀንስ፣ ኮሚሽኑም ባለሙያ በፍጥነት መቅጠር እንዲችል። በአደባባይ ተከራክሮ ማሻሻል እንዲህ ነው። ተቆጣጣሪው ቶሎ እንዲመልስ መጠየቅ፣ የሰው ኃይልም መጨመር የማንኛውም መንግሥት መብት ነው፤ መልሱ ምን እንደሚሆን እያመላከቱ የሚቀመጡበትን ወንበር መነቅነቅ ግን ፍጥነት አይባልም።

ነጻነት ማለት ተጠያቂ አለመሆን አይደለም፤ ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይምታታል። ተቆጣጣሪ ለምክር ቤት ሪፖርት ያቅርብ፣ ውሳኔው በፍርድ ቤት ይመርመር፣ ሒሳቡ ይታይ። ከሁሉ በላይ የባለሙያዎቹ የውሳኔ ሐሳብ፣ አለቆቹ ከመወሰናቸው በፊት የተጻፈው፣ በይፋ ይታተም። ኃላፊዎች ከባለሙያዎቻቸው የተለየ ውሳኔ የመወሰን መብት አላቸው፤ ለምን እንደተለዩ በፊርማቸው ሥር ይጻፉት።

በአሜሪካ አሁን ማመልከቻዎች እየቀረቡ ነው፤ 18ቱ ወራትም ይቆጠራሉ። ከሪአክተሮቹ በአንዱ ላይ ከባድ ጉድለት አግኝቶ «ይህ ገና አልበቃም» ብሎ ለመጻፍ የሚቀመጠው ኢንጂነር፣ ሃንሰን እንዴት እንደወጡ ያውቃል።