ቀለም ቀብቶ ነፍስ ማዳን

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ብዙ መስቀለኛ መንገዶች ላይ ነጭ የፕላስቲክ ዘንግ ተተክሏል። መኪና ሲገፋው ጎንበስ ብሎ ተመልሶ የሚቆም ዓይነት ነው። ሥሩ አስፋልቱ ቀለም ተቀብቷል። በቃ፣ ይኸው ነው። ቁፋሮ የለም፣ ግንብ የለም።

ግን ሥራውን ቆም ብሎ ላየው ትልቅ ነው። የሚታጠፍ ሾፌር ድሮ ማዕዘኑን ቆርጦ ይፈተለክ ነበር። አሁን ዘንጎቹን መዞር ስላለበት ሳይወድ በግዱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ዜብራው ላይ ያለውን ሰውም ያየዋል። ለእግረኛው ደግሞ በዘንግ የተከለለው ቦታ መኪና ስለማይገባበት የሚሻገረው መንገድ ያጥርለታል። አንድ የመኪና መስመር ከሦስት ሜትር በላይ ይሰፋል። ጤነኛ ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ያህል ይራመዳል። አንድ መስመር ከተቀነሰለት ሦስት ሰከንድ ያህል ከመኪና ፊት ወጣ ማለት ነው። ከዘራ ለያዙ እናት ከዚያም ይበልጣል።

ኒውዮርክም እ.ኤ.አ. በ2009 ታይምስ ስኩዌር ላይ ብሮድዌይን ለመኪና ስትዘጋ የጀመረችው በርካሽ የሚታጠፍ ወንበር ደርድራ ነው። የድንጋይ ንጣፉ የመጣው ከዓመታት በኋላ፣ ሙከራው መሥራቱ ከታየ ወዲያ ነው።

አዲስ አበባ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። ለገሃር ላይ በ2009 ዓ.ም. ገደማ በቀለምና በምሰሶ ተሞክሯል። ሰባተኛም እንዲሁ። ያውም ሰባተኛ! ሸክም የተሸከመ፣ ሻንጣ የሚጎትት፣ ልጅ ያዘለ ሁሉ የሚተራመስበት ቦታ። በከተማዋ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸውና ቦታው በደንብ ተመርጧል።

ቀለም ግን ይለቃል። ዘንግም ይሰበራል፤ ዲሲ ውስጥም በየጊዜው ይሰበራል። ስለዚህ ለመትከያው ብቻ ሳይሆን ለመተኪያውም በጀት መያዝ አለበት። ሙከራ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

የኮሪደር ልማቱ ዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሠርቷል፤ ደስ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዋናው ጎዳና ገባ ያለው ሰፈር ነው። የትምህርት ቤት በር፣ የታክሲ መያዣው። ጠዋት ሰዉ ቆሞ የሚጠብቀው አስፋልቱ ላይ ነው። ረዳቱ ሲጣራ ሁሉም ወደ መሃል ይሮጣል። እዚያ ጋ የተወሰነ ቦታ በቀለምና በምሰሶ ከልሎ ለተሰላፊው መስጠት ምን ያህል ያስወጣል?

የፌርማታውም ቦታ ራሱ ለውጥ አለው። ከዜብራው በፊት ከሆነ የቆመው አውቶቡስ ተሻጋሪውን ይጋርደዋል፤ ደርቦ የሚያልፍ ሾፌር ሰው መኖሩን የሚያውቀው ከደረሰበት በኋላ ነው። ከዜብራው አለፍ ካለ ግን የወረደው ሰው ከአውቶቡሱ ኋላ ይሻገራል፤ ከኋላ የሚመጣውም ሾፌር ከሩቁ ያየዋል። ይህ ቀለም እንኳ አይፈልግም። ታፔላውን ነቅሎ ትንሽ ወደፊት መትከል ነው።