ወንበሬን ማን ነካው?

ጠዋት መኪናዬ ውስጥ ስገባ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተላተመ። ማታ የነዳችው ባለቤቴ ነበረች። ከወንበሩ ሥር ያለችውን ማንሻ በዳበሳ አግኝቼ ወደ ኋላ ብገፋ፣ እንቢ ሲል የቆየው ወንበር ድንገት ሸርተት ብሎ ወሰደኝ። ቀና ስል ስፖኪዮው የሚያሳየኝ ጣሪያውን ነው።

ይህን ጠብ አስቀድሞ ለመሸምገል ደመወዝ የሚበሉ ሰዎች አሉ። መኪናው ሳይሠራ ኮምፒውተር ውስጥ ሰው ሠርተው ያስቀምጡበታል። የእንግሊዞቹ ሳሚ፣ የአሜሪካኖቹ ጃክ፣ የጀርመኖቹ ራምሲስ ይባላል። ራምሲስ እግሩ ፔዳል ላይ፣ እጁ መሪ ላይ ከሆነለት ሌላውን ራሱ ያሰላዋል፤ ጉልበቱ ስንት ዲግሪ ቢታጠፍ እንደሚመቸው፣ ዓይኑ የት ድረስ እንደሚያይ። ልኩም የሚወሰደው ከሁለት ጫፍ ነው። ከ100 ሴቶች 95ቱ የሚበልጧት አጭር ሴት፣ ከ100 ወንዶች 95ቱን የሚበልጥ ረጅም ወንድ። እነሱ ከተመቻቸው መሃል ያለነው አናማርርም ተብሎ ነው።

መሃል ላይ ሰው ቢኖር ነው ታዲያ! በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጊልበርት ዳንኤልስ የሚባል ተመራማሪ የ4,063 አሜሪካዊ አብራሪዎችን ልክ መረመረ። በ10 ልኬቶች ሁሉ መካከለኛ የሆነ አንድ እንኳ አላገኘም። ክንዱ ልክ ሲሆን እግሩ ይረዝማል፣ እግሩ ልክ ሲሆን ደረቱ ይሰፋል።

ደግሞ ራምሲስ ጨዋ ነው። ተቀመጥ እንደተባለው ይቀመጣል። የኋላ ኪሱ ውስጥ ያበጠ ቦርሳ የለም። ታናሽ ወንድሜ ግን ወንበሩን አልጋ እስኪመስል አጋድሞ ነው የሚነዳው፤ ከውጭ ላየው መኪናው ብቻውን የሚሄድ ይመስላል። አክስቴ ደግሞ መሪውን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ምንም አይቀረው።

«እትዬ፣ እስቲ ደገፍ በይ» አልኳት አንዴ።

«ደገፍ ካልኩማ መንገዱ ይርቀኛል!»

ይህችን የትኛው ኮምፒውተር ያሰላታል?

አሁን አሁን የነጂውን ልክ የሚያስታውስ ወንበር ያላቸው መኪኖች አሉ። 1ን ስትጫን ለአንዱ፣ 2ን ስትጫን ለሌላው ይስተካከላል። ተገላገልን ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«1 እኔ ነኝ» አለች ወዲያው።

ሦስት ቀን ተኮራረፍን። መኪናውን ገና አልገዛንም።