መንገድ ላይ የሚያልቅ ጨረር

ዕጢ በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ በቦታው ተነጥፎ ከውስጥ ጨረር ስለሚሰጠው ተጣጣፊ ሉህ እርስዎ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሐሳቡ ደስ ይላል። የጨረር ምንጭ የሚይዝ ግትር ቱቦ የሰውነትን ጎድጓዳና ጉብታ አይከተልም፤ ከምንጩ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ የሚደርሰው ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። እዚህ ላይ ሚሊሜትር ዋጋ አለው። እንደ ነጠላ ከቦታው ጋር የሚተኛ፣ በአንድ ጎኑ ባለ ስስ ወርቅ አንጀትን የሚከልል ሉህ ቀላል ፈጠራ አይደለም። (ወርቁ ለጌጥ አይደለም፤ ጨረሩን የሚውጠው እሱ ነው።)

ነገር ግን አንድ ነገር ዘለሉ። ሉሁ ላይ ያለው የጨረር ምንጭ፣ የፓላዲየም-103፣ ግማሽ ዕድሜ (ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 17 ቀን ብቻ ነው። እኔ ጎንደር ውስጥ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ላይ እሠራለሁ፤ የአንድ ተራ ፓምፕ መለዋወጫ ከጉምሩክ ወጥቶ አዘዞ እስኪደርስ ወራት ጠብቄ አውቃለሁ። ሉሁ እንዲህ ቢዘገይ የሚደርሰን ባዶ ጨርቅ ነው! ሌላው የሕክምና ጨረር ምንጭ ኢሪዲየም-192 እንኳ በ74 ቀን ይጋመሳል። ሦስተኛው ምንጭ ኮባልት-60 ግን ለመጋመስ ከ5 ዓመት በላይ ይወስድበታል።

አክስቴ በማህፀን በር ካንሰር ታማ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ አዲስ አበባ ወረፋ ስትጠብቅ፣ ከሕመሙ ይልቅ የሚያስጨንቃት የአልጋ ኪራዩ ነበር። ስለዚህ ለእኛ የሚሻለው ተጣጣፊው ክፍል ባዶውን ገብቶ፣ እንደ ኮባልት-60 ያለ ቶሎ የማያልቅ ምንጭ በኋላ ሆስፒታል ካለ የጨረር ማሽን በቀጭን ገመድ የሚላክበት ዓይነት ይመስለኛል። ስለዚህኛውም ቢጽፉልን።