ማስተካከያ፦ ስለተሰነጠቀ የትልቅ አኳሪየም ወለል

ቀደም ሲል በወጣው መመሪያ «የወለሉን ስንጥቅ ከውስጥ በሲሊኮን መድፈን ይበቃል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ውሃ ይሞላ» የተባለው ይታረም። አኳሪየም ዓሣ የሚያዝበት የመስታወት ገንዳ ሲሆን፣ ሲሊኮን ደግሞ መስታወቶቹን የሚያጣብቀው ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚሆን ማጣበቂያ ነው። ሲሊኮን መጋጠሚያ ያሽጋል እንጂ የተሰነጠቀ መስታወት አያጠነክርም። 400 ሊትር ውሃ ብቻውን 400 ኪሎ ነው፤ ጠጠርና ድንጋይ ሲጨመርበት ስንጥቁ ይረዝማል። ወለሉ መቀየር አለበት።

አዲሱ መስታወት ከአሮጌው አይሳሳ። አሮጌው ሲሊኮን በምላጭ ሙልጭ ተደርጎ ተነስቶ ጠርዙ በአሴቶን (ቅባት በሚያስለቅቅ ፈሳሽ) ይጠረግ፤ አዲስ ሲሊኮን በደረቀ ሲሊኮን ላይ በደንብ ስለማይጣበቅ ፍሳሽ ሊመጣ የሚችለው ከዚህ ነው። ፀረ ሻጋታ የተቀላቀለበት የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ግን በፍጹም አይሆንም፤ ዓሣ ሊገድል ይችላል።

የመቆያ ጊዜውም 24 ሰዓት ሳይሆን ቢያንስ አንድ ሳምንት ነው። ሲሊኮን ከአየር እርጥበት እየወሰደ ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚደርቅ ላዩ ጠንክሮ ሳለ መሃሉ ገና ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ሲሊኮኑ ሲደርቅ የሚያወጣው የኮምጣጤ ሽታ ካልጠፋ አልደረቀም።

በዚያው መመሪያ «ከሥር ፎም (የስፖንጅ ምንጣፍ) ይነጠፍ» የሚለው ደግሞ ወለሉ በቀጥታ ጠረጴዛው ላይ ለሚያርፍ አኳሪየም ብቻ ይሠራል። ዙሪያውን የፕላስቲክ ፍሬም ይዞት ወለሉ ከጠረጴዛው ከፍ ብሎ በሚቆመው ላይ ፎሙ መስታወቱን ወደ ላይ ስለሚገፋ አዲሱንም ሊሰነጥቀው ይችላል።