ይድረስ ለክቡር የባዕድ እባቦች እገዳ ረቂቅ ደንብ

የባሕር ማዶ እባብ ቤት ውስጥ ማሳደግን ሊያግዱ የተነሱት ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ባለፈው ማክሰኞ እጄ ላይ ከወደቀው አንድ ዘንዶ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ዓሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። እኔ ዓሳ አልጎረጎርኩም፤ የጠፋ ካልሲ ነበር የምፈልገው። ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ፣ ሞተሩ በሚያሞቀው ጥግ እጄን ስሰድ ደረቅና ለስላሳ ነገር ነካሁ። ቀበቶዬ መሰለኝ። ቀበቶው ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያም ጭንቅላቱን መሃል ቀብሮ እንደ ኳስ ተድበለበለ። ቦል ፓይተን የሚባለው የዘንዶ ዓይነት መሆኑን፣ ሲፈራ እንዲህ እንደሚሆንና መርዝ እንደሌለው በኋላ ነው የተረዳሁት። ያን ጊዜ ግን ሁለታችንም እኩል ፈርተን ነበር። ልዩነታችን እሱ አልጮኸም።

የማን እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም። ከግድግዳዬ ማዶ፣ እባብ የሚሞቅበት ዓይነት ቀይ መብራት ሌሊቱን ሙሉ የሚበራበት ክፍል አለ። ሄጄ አንኳኳሁ። ጎረቤቴ በሩን በአንድ ዓይኑ ልክ ከፍቶ፣ «እባብ? እኔ እኮ እባብ ስፈራ አይጣል ነው!» አለኝ። ግንባሩ ላይ ቀይ መብራቱ ያርፍበታል።

እንግዲህ ሕግ አክባሪ ነኝና እንግዳዬን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አድርጌ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ኪሴን ዳብሶ ስለታም ነገር አለመያዜን አረጋገጠና አሳለፈኝ። ወረፋው ያው የምታውቁት ወረፋ ነው። ከፊቴ የቆሙት ሴትዮ «ምን ይዘህ ነው ልጄ?» አሉኝ፣ ነገርኳቸው። ወረፋ በአንድ ጊዜ ሲያልቅ ያየሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጥቆማ ለመስጠት ነው የመጣሁት» አልኳት የመስኮቷን ልጅ።

«ደንቡ ገና አልጸደቀም፤ ጥቆማ አንቀበልም።»

«እሺ እህቴ፣ እባቡን ተረከቡኝ።»

«ማስቀመጫ የለንም። ምዝገባ ግን ቀድሞ ተጀምሯል» ብላ ቅጽ ገፋችልኝ።

የመጀመሪያው መስመር «የባለይዞታው ሙሉ ስም» ይላል። ባለይዞታ አይደለሁም አልኳት። «አሁን በማን እጅ ነው ያለው?» አለችኝ። ሳጥኑን ወደ ጀርባዬ ሸሸግኩት፤ አልረዳኝም። የመግዣ ደረሰኝ የለኝም ስላት «ምንጩ ያልታወቀ» ብላ ጻፈች፣ የወንጀለኛ አስተያየት አየችኝ። ርዝመት የሚለው ጋ ስንደርስ የልብስ ሰፊ ሜትር በመስኮቱ አሾልካ ሰጠችኝና ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። ክዳኑን ከፈትኩ። የተድበለበለ እባብ ከየት እስከ የት ይለካል? ዙሪያውን ለካሁት። «ዙሪያ የሚል ቦታ የለም» ተባልኩ። በመጨረሻ የሁለታችንም ጉርድ ፎቶ ተጠየቀ፣ ሁለቱም ጆሮ የሚታይ። እባብ የውጭ ጆሮ የለውም ብል «መመሪያው ነው» አለችኝ። ፎቶውን እስካመጣ ተብሎ ማኅተሙ አረፈ፦ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ መሸጥ፣ መስጠት፣ ማስተላለፍም ሆነ መልቀቅ ክልክል ነው። ለባለቤቱ እንኳ ልመልስለት አልችልም ማለት ነው። የመዝገብ ቁጥሬም 1። እባብ የሚያሳድጉት ሁሉ ዝም ብለው ቤታቸው ተቀምጠው፣ እባብ የሚጠላው ሰውዬ አንደኛ ሆኖ ተመዘገበ።

ክቡር ረቂቅ፣ ውሻን ያህል የሚጮኽ እንስሳ መዝግበው ያልጨረሱ ወገኖች እባብ ሊቆጥሩ መነሳታቸውን አደንቃለሁ። እባብ አይጮኽም፣ ለሽርሽር አይወጣም፣ የጠረጴዛ መሳቢያ በምታክል ሳጥን ውስጥ ይኖራል። ማይክሮቺፕ ይቀበርበት ይላሉ። መለያ ቁጥር የያዘች፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ናት፤ ማንበቢያው ካልተጠጋት አትነበብም። ስለዚህ ተቆጣጣሪዎ መጀመሪያ በሩ ሊከፈትለት፣ ቀጥሎ እባቡን ሊያገኝ፣ ከዚያ ሊይዘው ነው። የእኔ ጎረቤት በር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚከፈት ነግሬዎታለሁ።

ካላመኑኝ ውጭ አገር ያሉ ታላላቆችዎን ይጠይቁ። አሜሪካ የበርማን ዘንዶ ከውጭ ማስገባትን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሴቷ በአንድ ጊዜ ከ50 በላይ እንቁላል ልትጥል የምትችለው ይኸው ዘንዶ በፍሎሪዳ ኤቨርግሌድስ ረግረግ ቤተሰብ መሥርቶ መኖሩ ከታወቀ ያኔ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ሕጉ በአህጉሩ ላይ ባሉት ግዛቶች መካከል ማጓጓዝን አይከለክልም ብሎ አንድ ጥርሱን ነቀለለት። ፍሎሪዳ ግን አንድ ነገር ገብቷታል፦ ማሳደግ የሰለቸው ሰው ሳይቀጣ፣ ሳይከፍል እንስሳውን የሚያስረክብበት መንገድ አላት። የተረከበችውንም ማሳደግ ለሚችል ትሰጣለች። በእርስዎ ገጾች ውስጥ «መረከብ» የሚለውን ቃል ሁለት ቀን ፈለግኩት። «ቅጣት» ግን በየአንቀጹ አለ።

ይቅርታ፣ አንቱታው ከዚህ በላይ አልዘልቅ አለኝ። የኔው ቦል ፓይተን ምንም አይደለም፣ ቢበዛ ያስደነግጣል። ሰው ግን መሳቢያው ውስጥ ከሌላ አህጉር የመጣ መርዛም እባብ ይዞ ይተኛል። የመርዝ ማርከሻ እንደ ዝርያው ነው። ሆስፒታል ቢኖረው የሚኖረው የአካባቢው እባብ ማርከሻ ነው እንጂ የባሕር ማዶው አይደለም። ልጅ ተነድፎ ሲመጣ ሐኪሙ የሚጠይቀው «ምንድን ነው የነደፈው?» ብሎ ነው። አንተ ያስፈራራኸው ባለቤት ያን ጊዜ አፉን ይዘጋል። «አላየሁትም፣ ከውጭ የገባ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ ከመጽደቅህ በፊት ባለው ሌሊት ሳጥኑን ወንዝ ዳር ወስዶ ይገለብጠዋል። አንተ ግን ማንን ያዝክ? ሳጥን ይዞ ወረፋ የቆመውን! ደጅህ በእግሩ የሚመጣውን ብቻ የምትይዝ ከሆነ ነገ ማን ይመጣልሃል?

ትናንት ማታ ደረጃው ላይ ጎረቤቴን አገኘሁት። ግራ ቀኝ አየና ጠጋ አለኝ፦ «ስማ ወንድሜ፣ የሚሞቅበት ነገር አድርግለት። ሳይበላ ወራት ቢቆይም አትደንግጥ፣ ጠባዩ ነው።»

«አንተ እባብ ትፈራ የለ እንዴ?»

«የሰማሁትን ነው እንጂ» አለና ወደ ላይ ወጣ። ከላይ ሆኖ ጨመረልኝ፦ «ደህና አድርገህ ከያዝከው 30 ዓመት ይኖራል!»

ከሰላምታ ጋር
የመዝገብ ቁጥር 1

ግልባጭ፦
ለጎረቤቴ (ቀዩን መብራት እንዲያውሰኝ)
ለጥበቃው (በሚቀጥለው ሳጥኑንም እንዲፈትሽ)
ለእባቡ (ለመረጃ ያህል)