ትወና የሚማረውንና ካሜራ የሚማረውን ልጅ አትለያዩአቸው

ጅማ ውስጥ ፊልም መስራት የሚፈልግ ወጣት ሞልቷል። ቅዳሜ ከሰአት ፈረንጅ አራዳ ወይ አጂፕ አካባቢ ወጣ ብትሉ ሁለት ሶስት ሆነው ስልክ ግድግዳ ላይ አስደግፈው የሚቀርፁ ልጆች አታጡም፣ አንዱ ይቀርፃል አንዷ ትተውናለች፣ ያዩትና ካልጣማቸው ይደግሙታል። ፍላጎቱ አለ፣ ድፍረቱም አለ። እነዚ ልጆች ትንሽ ብር ቋጥረው ስልጠና ሊመዘገቡ ሲሄዱ ግን መጀመሪያ የሚጠየቁት "ትወና ነው ካሜራ?" ተብለው ነው፣ ከዛ ትወና ያለው እዚህ ክፍል፣ ካሜራና ኤዲቲንግ ያለው እዛ ክፍል፣ እስኪመረቁ አይገናኙም። እኔ ይሄ አከፋፈል ሁለቱንም ወገን ይጎዳል ባይ ነኝ።

ከትወናው ልጀምር። ሰልጣኞቹ አንድ በአንድ ፊት ለፊት ይወጡና አልቅስ፣ ሳቅ፣ ተቆጣ ይባላሉ፣ እንባ ያወጣና ድምፁን ከፍ ያደረገ ይጨበጨብለታል፣ በቃ። ብዙ አሰልጣኞች ከመድረክ የመጡ ስለሆኑ ነው ይሄ የሚሆነው፣ በዛ አልወቅሳቸውም፣ የሀገራችን የትወና ትምህርት ራሱ ከቲያትር ነው የተነሳው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንኳን በደርግ ጊዜ የቲያትር ትምህርት ክፍል ከፍቶ ፊልምን በማስተርስ ደረጃ ማስተማር የጀመረው ከ30 አመት በላይ ቆይቶ ነው። መድረክ ላይ መጨረሻ ወንበር የተቀመጠው ሰው እንዲሰማ ድምፅ ማውጣት፣ እጅን ሰፋ አድርጎ ማንቀሳቀስ ግድ ነው። ካሜራ ግን ክንድ በማይሞላ ርቀት ሊቆም ይችላል፣ ማይኩም ሸሚዝህ ላይ ነው፣ ክሎዝ አፕ ላይ፣ ማለትም ፊትህ ብቻ በቅርበት ሲቀረፅ፣ ቅንድብህን ትንሽ ከፍ ብታደርግ ትልቅ ነገር ሆኖ ይታያል። ይሄን ልዩነት ለልጅ በአፍ ብትነግረው እሺ ይልሃል እንጂ አይገባውም፣ ተቀርፆ ራሱን ሲያይ ነው የሚገባው፣ ለዛ ደግሞ የሚቀርፀው ሰው ክፍሉ ውስጥ ሊኖር ይገባል።

ደሞ የፊልም ትወና ተቆራርጦ ነው የሚሰራው፣ የታሪኩ መጨረሻ ጠዋት ሊቀረፅ ይችላል መጀመሪያው ደግሞ ማታ። አንዲት ልጅ ሰፊው ሾት ላይ (አካባቢው ሁሉ በሚታይበት ቀረፃ) ሲኒውን በቀኝ እጇ አንስታ "አልሄድም" ካለች፣ ክሎዝ አፑ ሲቀረፅ በግራ እጇ ካነሳችው ወይ ደግሞ ቃሉን ከጨረሰች በኋላ ካነሳችው ኤዲተሩ የሚቆርጥበት ቦታ ያጣል። ይሄን ህግ መቶ ጊዜ ልትሰማው ትችላለች። ራሷ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብላ የራሷን ሁለት ሾት ለማገናኘት ስትታገል ካየችው ግን ሁለተኛ አይጠፋትም።

የድምፅ አወጣጣቸውም ያሳስበኛል። ይሄ ትውልድ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ የተሰራ የውጪ ድራማ እያየ ነው ያደገው፣ እዛ ላይ የሚናገሩት ባለሙያዎች በሌላ ሰው አፍ ልክ ነው የሚናገሩት፣ ለስራው ትክክል ነው። ልጆቻችን ግን ትወና ሲባል ያንን ዜማ ያመጣሉ። ሂርማታ ገበያ ቡና ሲሸጥ የዋለ አባት የሚጫወት ልጅ እንደ ትርጉም ድራማ ባለፀጋ ሲናገር አይታመንም፣ ጥፋቱም የሱ ብቻ አይደለም፣ በራስህ ድምፅ ተናገር ያለው የለም። ቋንቋውም እንደዛው ነው፣ የጅማ ልጅ ቤቱ ውስጥ አፋን ኦሮሞና አማርኛ እያቀላቀለ ነው የሚያወራው፣ ዳውሮኛ ወይ ከፊኛ የሚነገርበት ቤትም አለ፣ ስክሪፕት ስጡት ሲባል ግን ከአዲስ አበባ ፊልም የተቀዳ አማርኛ ይቀርብለታል። ሲናደድ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚሳደበው? በሱ ይተውን፣ ከስር ፅሁፍ ማስገባት ዛሬ በስልክም ይቻላል።

አሁን ወደ ካሜራው ክፍል እንሂድ። እዛ ያሉት ልጆች ስለ ሌንስ፣ ስለ ከለር፣ ስለ ስሎው ሞሽን ብዙ ያውቃሉ፣ ሰው ፊት ለፊታቸው ሲቆም ግን ምን እንደሚሉት አያውቁም። "ተሰምቶሽ አልቅሺ" ይላሉ። ካሜራ ፊት ቆሞ የማያውቅ ዳይሬክተር ይሄ ትዛዝ ተዋናይዋን እንዴት እንደሚያደርቃት ሊያውቅ አይችልም። አንዴ ራሱ ቆሞ፣ መብራቱ አይኑ ላይ በርቶ፣ አስር ሰው እያየው እዘን ቢባል ኖሮ ሌላ ቃል ይፈልግ ነበር፣ ለምሳሌ "እናትሽ ከመግባቷ በፊት ደብዳቤውን ደብቂው" ይላት ነበር። የሚሰራ ነገር ሲሰጣት ፊቷ ላይ የሚመጣውን ካሜራው ያገኘዋል።

"እቃ የለንም" የሚለው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይነሳል። ሞስኮ ውስጥ በ1919 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የፊልም ትምህርት ቤት ሲከፈት አብዮትና የርስበርስ ጦርነት ነበር፣ ጥሬ ፊልም እንደልብ አይገኝም። እዛ ያስተምር የነበረው ሌቭ ኩሌሾቭ፣ ገና በሀያዎቹ መጀመሪያ ያለ ወጣት፣ ተማሪዎቹን ፊልም የሌለው ፊልም ያሰራቸው ነበር፣ ማለትም እያንዳንዱን ትእይንት እንደሚቀረፅ አድርገው ቆራርጠው ያዘጋጁና በተመልካች ፊት ይጫወቱታል። የኩሌሾቭን ሙከራ ደሞ ብዙ ሰው ሰምቶታል፣ የአንድ ተዋናይ ምንም የማያሳይ ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሳጥን፣ አንዴ ከምትጫወት ህፃን ጋር ቀጠለው፣ ተማሪው ፑዶቭኪን እንደፃፈው ያዩት ሰዎች ፊቱ አንድ አይነት መሆኑን ሳያውቁ የትወናውን ብቃት አደነቁ። ይሄን ጅማ ውስጥ በአንድ ስልክ በአንድ ጠዋት መስራት ይቻላል። አንዷ ልጅ ዝም ብላ በመስኮት ትመልከት፣ ከዛ ፊቷን አንዴ ከዝናብ፣ አንዴ ከባዶ ድስት፣ አንዴ አዌቱ ድልድይ ላይ ከሚሄድ ልጅ ጋር አገናኙት። ልጅቷ ሁሉን ነገር በፊቷ መጮህ እንደሌለባት ትማራለች፣ ኤዲተሩም ተዋናይዋ ምን ያህል እንደረዳችው ያያል። ለየብቻ ክፍል ሆነው ይሄን ትምህርት ከየት ያመጡታል?

ቴክኒኩን በአጭሩ ልለፈው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ቤት ውስጥ በሰከንድ በ25 ፍሬም (ምስል) ስትቀርፁ ሸተሩን፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሀን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጉት፣ አለዛ አንዳንድ አምፖል ይብለጨለጫል። ደመናማው የጅማ ሰማይ ፊት ላይ ለስላሳ ብርሀን ይሰጣል፣ ሌላ ቦታ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ነው። ችግራችን ድምፅ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ከጀመረ ንግግር የለም፣ ባጃጁም አለ። ሁለተኛ ስልክ ተዋናዩ አጠገብ ደብቃችሁ ድምፁን በሱ ቅዱ፣ መጀመሪያ ላይ አጨብጭቡ፣ በጭብጨባው ድምፁን ከምስሉ ጋር ታገናኙታላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት የክፍሉን ዝምታ ግማሽ ደቂቃ ቅዱ፣ ኤዲት ስታደርጉ በንግግር መሀል ያለውን ክፍተት ትሞሉበታላችሁ።

ሳልናገር የማላልፈው ግን የሴቶቹን ጉዳይ ነው። ጅማ ውስጥ ልጄ ፊልም ትማር ብሎ የሚፈቅድ ወላጅ ብዙ አይደለም፣ የሚፈሩት ደግሞ ያለምክንያት አይደለም። ማታ የሚጠራ ኦዲሽን፣ በሩ የተዘጋ ቢሮ፣ "ለብቻሽ ላለማምድሽ" የሚል አሰልጣኝ፣ እነዚ መቅረት አለባቸው፣ ያለ ምንም ድርድር። ከ18 አመት በታች የሆነ ልጅ በወላጅ ፊርማ ይግባ፣ ቀረፃ ላይም ወላጅ መጥቶ መቀመጥ የሚችል ይሁን። ሁሉም አብሮ የሚማርበት ክፍል እዚህ ላይም ይጠቅማል፣ ብዙ አይን አለበት።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። አስራ ሁለት ልጅ በአራት አራት ይከፈል፣ እያንዳንዱ ቡድን አምስት ገፅ ስክሪፕት ይፃፍ፣ በልማድ አንድ ገፅ ወደ አንድ ደቂቃ ነው ስለሚባል አምስት ደቂቃ አካባቢ ይመጣል፣ ከዛ ዳይሬክተሩ በሚቀጥለው ፊልም ተዋናይ፣ ተዋናይዋ ሳውንድ፣ ሳውንዱ ኤዲተር እየሆኑ ይዙሩ። ባህልና ቱሪዝም ቢሮው ስልጠና የሚሰጡትን ስንት አስመረቃችሁ ከማለት የተጠናቀቀ ፊልም አሳዩን ይበላቸው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቅዳሜና እሁድ አንድ አዳራሽና ጥቂት ኮምፒውተር ቢፈቅድ፣ ቤተሰብና ሰፈር ተጠርቶ ቢያየው፣ ልጆቹ የቱ ጋ ሰው እንደተሰላቸ፣ የቱ ጋ ዝም እንዳለ በአይናቸው ያያሉ።

ለመጀመር የሚመቸው ጊዜ ክረምት ነው፣ ሀምሌና ነሀሴ ትምህርት ዝግ ነው። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰአት ስለሚመጣ ጠዋት ይቀረፅ፣ ከሰአት ኤዲት ይደረግ፣ መብራት እንዳይቀድማችሁ ባትሪውን ማታውኑ ሙሉ።